«ገብቷችኋል?» «አዎ ቲቸር!»

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን አገሩ ሁሉ የትምህርት ባለሙያ ይሆናል። ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስለ ትምህርት ጥራት ይወራል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሁላችንም ክው አልን። በ2015 ቁጥሩ 3.2 ሲሆን መደንገጡም ሰለቸን። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከፍ ሲል «ተሻሽሏል» ተባልን። ከመቶው ከ91 በላይ የወደቀበት መሻሻል! እሺ ይሁን፣ መሻሻል መሻሻል ነው።

እኛን የሚያሳስበን ግን ወሬው ሁልጊዜ ከ12ኛ ክፍል መጀመሩ ነው። ልጁ 12ኛ ክፍል ላይ አልወደቀም። የወደቀው ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ 12ኛ ክፍል ላይ የተነገረው መርዶው ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀ አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። አንዲት ቃል! እነዚያ ልጆች ሳይደግሙ ከሄዱ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2012 ነው። በ2014 እና በ2015 ያስደነገጡን ተፈታኞች የእነሱ ታናናሾች ናቸው። እንግዲህ ከዚያች ሁለተኛ ክፍል እስከ ፈተናው አዳራሽ ድረስ አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅባቸው እንዴት ተጓዙ? ይህ ነው ጥያቄያችን።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ምክንያቱም ሁላችንም አብረን ስንለው ኖረናል። መምህሩ ያስረዳል፣ ሰሌዳው ይሞላል፣ ጠመኔው ያልቃል። ከዚያ እጁን እያራገፈ ዞር ይልና «ገብቷችኋል?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል። የገባውም ይላል፣ ግማሹ የገባውም ይላል፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ስለ ምሳ እያሰበ ያለውም ይላል። እንዲያውም ጎልቶ የሚሰማው ያልገባው ልጅ ድምፅ ነው የሚል ቢመጣ አንከራከረውም። መምህሩም ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል።

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች መጀመሪያ ከምንሰማቸው ምክሮች አንዱ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ይዛችሁ ቃለ መጠይቅ አትግቡ የሚል ነው። ሰውዬው «አዎ» ብሎ ዝም ካለ ምንም አልያዝክም። በአገራችን ክፍሎች በየቀኑ በሺዎች ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ይኸው ነው። ምንም የማያስይዝ!

የትምህርት ሥነ ልቦና የሚባለው ሙያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲለፋ የኖረው ከዚህች «አዎ» ጀርባ ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። አሜሪካዊው ዴቪድ አውዙቤል በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለመማር ከሁሉ የሚበልጠው ተማሪው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አጣሩ ብሎ ነበር። ከእሱ ብዙ ቀደም ብሎ በ37 ዓመቱ የሞተው ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ ልጁ ብቻውን በሚችለውና በሰው እገዛ በሚችለው መካከል ያለችውን ቦታ አሳየ። ትምህርት የሚባለው ነገር የሚካሄደው እዚያች ቦታ ላይ ነው፤ ከእሷ በታች ድግግሞሽ ነው፣ ከእሷ በላይ ደግሞ ጫጫታ። ይህችን ቦታ በእንግሊዝኛው «ዞን» ይሏታል። ዛሬ የምናወራው ስለ አዊ ዞን ስለሆነ እንዳታደናግሯቸው።

ለምን አዊ? አንደኛ፣ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅም፣ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ዩኒቨርሲቲም እንጅባራ ላይ ናቸው። ከዚያ በአስፋልቱ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ ዳንግላ አለ። ንድፈ ሐሳቡ የሚሰጥበት ክፍልና ልጆቹ የሚማሩበት ክፍል እንዲህ የተቀራረቡበት ቦታ ብዙ አይደለም። ሁለተኛ፣ አዊ ሁለት አፍ ያለው ዞን ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነው አፉን የፈታው በአዊኛ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው በአማርኛ። «ገብቷችኋል?» የምትለዋ ጥያቄ እዚህ አገር ላይ ሁለት ጊዜ ታታልላለች። አንዱ ልጅ ትምህርቱ ሳይገባው «አዎ» ይላል፣ ሌላው ጥያቄዋ ራሷ ሳትገባው።

መጀመሪያ ግን ስለ ሥልጠናው እናውራ። መምህርነት ያጠኑ ጓደኞች አሉን። የትምህርት ሥነ ልቦና ኮርሳቸውን ሀንድአውት ተውሰን አየነው። የፓቭሎቭ ውሻ አለች፣ የስኪነር አይጥ አለች፣ የፒያዤ አራት ደረጃዎች ከነዕድሜያቸው በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል። ሁሉም ደህና ነው። ግን ኮርሱ እንዴት ተሰጠ? አስተማሪው ሰማንያ ለሚሆኑ ተማሪዎች አነበበ፣ እነሱ ጻፉ፣ «ገብቷችኋል?» አለ፣ «አዎ» አሉ፣ ከዚያ አራት ምርጫ ያለው ፈተና ተፈተኑ። አሳታፊ የማስተማር ዘዴን ያለ ምንም ተሳትፎ ተማሩት ማለት ነው። ይህን ለቀልድ የምናወራው አይደለም። ሰው የሚያስተምረው እንደተነገረው አይደለም፣ እንደተማረው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነበብለት የኖረ ሰው ክፍል ሲገባ ያነባል።

አንድ ነገር ጣል እናድርግና እንለፍ። በብዙ ሥልጠናዎች ላይ «በማየት የሚማር ልጅ፣ በመስማት የሚማር ልጅ፣ በመንካት የሚማር ልጅ» የሚል ክፍፍል እስካሁን እንደ ወንጌል ይሰጣል። እነ ሃሮልድ ፓሽለር በ2008 እ.ኤ.አ. የነበረውን ጥናት ሁሉ ሲፈትሹ ልጆችን እንዲህ መድቦ በየምድባቸው ማስተማር ውጤት ያመጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ሥነ ልቦናን ክፍል ውስጥ እንጠቀምበት ስንል ያረጀውን መጣልም ይጨምራል።

አሁን ወደ ልጁ። እንበል አንድ የአምስተኛ ክፍል መምህር ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ብሎ ጻፈ። አንዱ ልጅ ወጥቶ 2/5 ብሎ መለሰ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደመረ፤ በራሱ መንገድ ሥርዓት አለው። መምህሩ «ስህተት፣ ቁጭ በል፣ ሌላ?» ካለ ትምህርቱ እዚያው አለቀ። ልጁ የተማረው ነገር ቢኖር ሁለተኛ እጁን ማውጣት እንደሌለበት ነው። «እንዴት አድርገህ መጣህባት?» ካለው ግን ነገሩ ይከፈታል። ከዚያ «እስቲ ግማሽ ኩንታል ድንች አለህ እንበል፤ ሲሶ ኩንታል ጨመርኩልህ። ስንት ሆነልህ? 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ይበለው። የእንጅባራ ዙሪያ ልጅ ድንች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከመምህሩ በላይ ያውቃል። ኩንታሉ ላይ ተጨምሮበት ሊቀንስ እንደማይችልም ያውቃል። እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ ገበሬው በመሬትና በእህል ሲካፈልባቸው የኖሩ ቃላት ናቸው፤ ልጁ ክፍልፋይን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ቤቱ ሰምቶታል። ያልሰማው ላዕልና ታህትን ነው። መምህሩ ከማያውቀው ጀምሮ ወደሚያውቀው ሳይደርስ ደወል ይደወላል።

ይህ ምሳሌ ገንዘብ አይጠይቅም። ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ ታብሌት አይጠይቅም። የሚጠይቀው መምህሩ የተሳሳተውን መልስ እንደ መረጃ እንዲያይ ነው። ስህተት የልጁን ጭንቅላት የምናይባት መስኮት ናት። ኩርኩም ያለበት ክፍል ውስጥ ግን መስኮቷ ትዘጋለች። በነገራችን ላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆኑ በግልጽ ጽፏል። አለንጋው ግን ሕገ መንግሥቱን ያነበበ አይመስልም። የሚፈራ ልጅ የሚያስበው መልሱን አይደለም፣ እጁን የት እንደሚደብቅ ነው።

ወደ ቋንቋው እንምጣ፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት እንፈልጋለን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ አለ። በአዊም አዊኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፣ በፊደልም ይጻፋል። ነገር ግን ከአማርኛው ገበታ ላይ የሌሉ ፊደላት ያስፈልጉታል። አንዷ ጘ ናት። በአፍንጫ የሚወጣ፣ አማርኛ ለብቻው ፊደል ያልሰጠው ድምፅ ነው። የቋንቋው ስም ራሱ ይህን ድምፅ በውስጡ ይዟል፤ ተናጋሪዎቹ አውጚ ይሉታል። ልብ አድርጉልን፣ አዊኛ ተናጋሪ የሆነች የሰባት ዓመት ልጅ የአማርኛ ፊደል ገበታ ብቻ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠች የገዛ ቋንቋዋን ስም የምትጽፍበት ፊደል ግድግዳው ላይ የለም።

ይህ የባህል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ላይ እናወራው ነበር። የመማር ጉዳይ ነው። ማንበብ የሚለምድ ልጅ የሚሠራው ሥራ ምልክቱን ከድምፅ፣ ድምፁን ቀድሞ ከሚያውቀው ቃል ጋር ማገናኘት ነው። ፊደሎቹን አያይዞ ቃሏን ሲደርስባት «አሃ፣ ይህቺ እኮ እቤት ያለችው ናት» ይላል። ይህች «አሃ» ከሌለች ፊደል ዜማ ብቻ ሆኖ ይቀራል። 231 ምልክት መያዝ በራሱ ቀላል ሸክም አይደለም። በዚያ ላይ ቃሉንም የማያውቀው ከሆነ የልጁን ትንሽዬ የአሁን ማስታወሻ በሁለት ጆንያ እየጫንናት ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ጫና ሲል ያጠናው ይህንኑ ነው።

ደግሞ አዊ አንድ ጥሩ ዕድል አለው። አዊኛና አማርኛ በቤተሰብ ይራራቃሉ፤ አንዱ ኩሽ ነው፣ ሌላው ሴም። የሚጻፉት ግን በአንድ ፊደል ነው። በአዊኛ ማንበብ የቻለች ልጅ አማርኛ ስትጀምር ሀሁን እንደገና አትቆጥርም። የቀረው ቃሉን መልመድ ነው። ንባብን አንድ ጊዜ በሚገባት ቋንቋ ከተማረች ወደ ሁለተኛው ይዛው ትሻገራለች። በአንዳንድ ሌሎች አካባቢዎች ልጁ ቋንቋ ሲቀይር ፊደልም ይቀይራል። እዚህ ድልድዩ ተሠርቶ ቆሟል፤ ሰው አልተሻገረበትም እንጂ።

ወላጆች ግን ምን ይላሉ? «ልጄ አዊኛ እቤቱ ይችላል። ትምህርት ቤት የምልከው የማይችለውን እንዲማር ነው። በአዊኛ ተምሮ የት ሊቀጠር?» ይህ ንቀት ነው ብለን የምናልፈው አይደለም፤ የተሰላ ነገር ነው። ዳንግላ ከተማ ውስጥ ገበያው አማርኛ ነው፣ ቢሮው አማርኛ ነው፣ ባሕር ዳር አማርኛ ነው፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ወላጁ የተሳሳተው በግቡ ላይ አይደለም፣ በመንገዱ ላይ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ያሠራው፣ ካትሊን ሂውና ካሮል ቤንሰን ከብርሃኑ ቦጋለና ከመኮንን አለሙ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናት ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ የአገሪቱን መረጃ ሲፈትሽ፣ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ናይጄሪያ ውስጥ ኢፌ ከተማ በ1970 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የባባቱንዴ ፋፉንዋ ሙከራም ስድስት ዓመት ሙሉ በዮሩባ አስተምሮ ልጆቹ በእንግሊዝኛቸው ሳይቀር እንዳልተጎዱ አይቷል። ወላጁ አማርኛና እንግሊዝኛ ከፈለገ አጭሩ መንገድ መጀመሪያ በሚገባው ማስተማር ነው። ይህን ግን ማን ነገረው? የወላጅ ስብሰባ የሚጠራው ለመዋጮ ነው።

አዊኛ ስላወራን አዊኛ መሆኑ ብቻ ይበቃል እንዳይመስላችሁ። በአዊኛም «ገብቷችኋል?» ማለት ይቻላል፣ በአዊኛም አንድ ላይ መዘመር ይቻላል። ሀሁን ከላይ እስከ ታች እንደ መዝሙር የሚወርድ ልጅ መሀል ላይ አንዷን ፊደል ነጥላችሁ ስትጠይቁት ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልዘመረ አይደርስባትም። ዜማውን እንጂ ፊደሏን አያውቃትም።

የሚገርመው የኔታ ይህን ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ከያዘ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይገባል። አቡጊዳ ማለት እኮ ያው ፊደል ተደበላልቆ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ፈርሶ፣ የእያንዳንዱ ቤት ተቀያይሮ። ልጁ በዜማ እንዳይሸመድድና ፊደሏን በመልኳ እንዲለያት የተሠራ ነው። የዘመኑ ተመራማሪዎች ይህንን ነገር የተቀያየረ ልምምድ ብለው በጆርናል ላይ ሲጽፉ እኛ ገበታውን ለቱሪስት እየሸጥን ነበር።

ቅኔ ቤት ደግሞ አለ። ጎጃም ዋሸራን የመሰለ ቅኔ ቤት ያለበት አገር ነው፣ አዊም ጎረቤቱ። ቅኔ ተማሪው በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ቁጠር አይባልም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል። የቆጠረውን ይዞ ይመጣል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ እዚያው በእዚያው ይታረማል፣ በማግስቱ ደግሞ አዲስ ይቆጥራል። ገና ለገባው ጀማሪ ቀደም ያለው ተማሪ ያግዘዋል። ቪጎትስኪ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። በእርግጥ የቅኔ ቤቱን ሁሉ እናምጣው አላልንም፤ አለንጋውም ነበር፣ ሴት ልጅ ከደጅ የቀረችበት ዘመንም ረጅም ነው። ግን ዘመናዊ ነው ያልነው ክፍላችን የወረሰው ጩኸቱንና ዱላውን ሆኖ ነገራውን ጥሎት መቅረቱ ያናድዳል።

ነገራ ያልነው፣ ልጁ ከራሱ አውጥቶ እንዲናገር ማድረጉ፣ ዛሬ ብዙ ማስረጃ አለው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሁለት የአጠናን መንገዶችን አነጻጸሩ። በአንዱ ተማሪዎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ፣ በሌላው አንዴ አንብበው ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲያስታውሱ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ፈተና ሊደርስ ሲል ደብተር አሥር ጊዜ የምናነብ ሁላችንም ብናስብበት ይበጀናል። ለመምህሩ ደግሞ ትርጉሙ ቀላል ነው። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አምስት ደቂቃ፣ ደብተር ተዘግቶ፣ የትናንቱን ሦስት ጥያቄ በግማሽ ገጽ ወረቀት ይጻፉ። ማርክ የለውም። ከ60 ልጅ የአሥሩን ወረቀት ማታ ቢያይ የክፍሉን ሁኔታ ያውቃል።

«ይህማ ተከታታይ ምዘና ነው፣ አለን እኮ!» የሚለን አይጠፋም። ስሙ አለ፤ ነገሩ ከስሙ ጋር አልመጣም። ተከታታይ ምዘና መምህሩ የነገውን ትምህርት እንዲያስተካክልበት ታስቦ የመጣ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ባለ አሥር፣ ባለ አምስት፣ ባለ አምስት ፈተና ሆነ፤ ለሮስተር መሙያ። የአንድ ለአምስቱም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ልጆች ተረዳድተው መማራቸው ራሱ ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ገደለው። ታላላቆቻችን ደግሞ ፕላዝማን ያስታውሳሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የተሰቀለው ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ይመልሳል፣ ይሄዳል። «ገብቷችኋል?» ብሎ መልስ እንኳን የማይጠብቅ መምህር! ሦስቱም ሲመጡ ችግሩን ያውቁ ነበር። ሦስቱም ከልጁ ጭንቅላት ይልቅ ለአለቃ የሚታየውን ነገር አሳደጉ።

መምህሩንስ? ደመወዙ ወር የማያደርሰው፣ 60 እና 70 ልጅ የታጨቀበት ክፍል የሚሰጠው፣ ከማስተማሩ በላይ ቅጽ የሚሞላ ሰው ላይ ይህን ሁሉ መጫን ግፍ አይሆንም ወይ? ይሆናል፣ በላዩ ላይ የምንጨምርበት ከሆነ። ስለዚህ ቅጹ ይቀነስለት። ሀንድአውቱን በቃሉ ስለያዘ ሳይሆን አንድን ልጅ አስቀምጦ ለምን እንደተሳሳተ ማወቅ ስለቻለ ይመረቅ። እንጅባራ ላይ የሚሠለጥን ዕጩ መምህር በእግሩ በሚደርስበት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ፣ በወር አንድ ልጅ እያነጋገረ የስህተቱን ታሪክ ቢጽፍ የፒያዤ ሠንጠረዥ በራሱ ጊዜ ይገባዋል። የሳይንስ ዕጩ መምህሩም የእሳተ ገሞራ ትምህርቱን የሩቅ አገር ተራራ ከመሳሉ በፊት ዘንገናን ያስብ። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሐይቅ አጠገቡ ተኝቶለታል፣ ልጆቹም ያውቁታል፤ እንዴት እንደተፈጠረ ግን ክፍል ውስጥ የጠየቃቸው የለም።

ይህ ጉዳይ አሁን ከምንጊዜውም በላይ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። በመስከረም 2012 አንደኛ ክፍል የገባች ልጅን አስቡ። መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ የፈነዳው ግጭት መጣ፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀሩ። ይህች ልጅ የትም ቦታ ብትሆን፣ ተመልሳ ስትመጣ ዕድሜዋ አንድ ክፍል ይላል፣ ደብተሯ ሌላ ክፍል ይላል፣ የምታነበው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይላል። ትምህርት ቤቱ የሚያያት በዕድሜዋ ነው። ስድስተኛ ክፍል ያስቀምጣታል፣ የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይሰጣታል፣ «ገብቷችኋል?» ይላታል። ምን እንደምትመልስ አትጠይቁን።

ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት እንዲህ ላሉ ልጆች የሠራው ዘዴ አለ። በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ክፍል የሚባለውን ነገር ይተዉታል፤ ልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን ዛሬ ማንበብ በሚችሉት ልክ ይመድቧቸዋል። ፊደል የሚለዩ አንድ ላይ፣ ቃል የሚያነቡ አንድ ላይ፣ አንቀጽ የሚያነቡ አንድ ላይ። ሲያድጉ ወደ ሚቀጥለው ይሻገራሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ዘዴውን በሙከራ ፈትሸው ልጆቹ ንባባቸው እንደሚሻሻል አሳይተዋል። አዊ ላይ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበት። ምደባው በአዊኛም በአማርኛም ይሁን፣ አማርኛ የማታነብ ሁሉ ማንበብ አትችልም ተብላ እንዳትመዘገብ።

መነሻው ደግሞ ምዝገባው ሳምንት ላይ ያልቃል። መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ይጥራ፣ አንድ አንቀጽ ያስነብበው፣ ካልቻለ ቃል፣ ካልቻለ ፊደል፣ ፊደሉንም ቅደም ተከተሉን አፍርሶ። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ብንል ለ60 ልጅ ሦስት ሰዓት ነው። ለመክፈቻ ንግግርና ለመዋጮ ማስታወቂያ ከምናጠፋው ያንሳል። ውጤቱን በአንድ ወረቀት ላይ ስማቸውን ደርድሮ ይያዘው። የወረዳው ሱፐርቫይዘር ኅዳር ላይ ሲመጣ የዕለት ዕቅድ ፊርማ ከመቁጠሩ በፊት ይህችን ወረቀት ይጠይቅ፤ ከመስከረም ወዲህ ስንቱ ልጅ ከፊደል ወደ ቃል፣ ስንቱ ከቃል ወደ አንቀጽ እንደተሻገረ ይይ። ያልተሻገሩትን ደግሞ በስማቸው ጠርቶ ያነጋግራቸው፣ በሚናገሩት ቋንቋ።